የዓይን ሞራ ሲገፈፍ የሕመምተኛው ምቾት
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ በሕክምና ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ስለ ማደንዘዣ እንናገራለን ብለን ይህን ያህል ሰው ከእራት በኋላ ሰብስበናልና፣ በንግግራችን መካከል የሚያንቀላፋ ቢገኝ መድኃኒቱ እንደ ሠራ ቈጥረን ደስ ከመሰኘት በቀር ቅር አንሰኝም። ከሕክምና ክፍል ውጭ ያላችሁትም «ይህ ነገር እኛን ምን ይመለከተናል?» ብላችሁ እንዳትነሡብን አደራ እንላለን፤ በመጨረሻ የምንለምናችሁ ነገር መድኃኒት ሳይሆን የየቤታችሁን ቋንቋ የሚሻ ነውና።

የዓይን ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው የተፈጥሮ ሌንስ ጥራቱን አጥቶ ሲደፈርስ ነው። ሕዝባችን «ሞራው ተገፈፈለት» ይላል፤ ነገር ግን ከላይ የሚገፈፍ ነገር የለም። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ ከውስጥ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያኖራል። ይህን ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ ያኖረው እንግሊዛዊው ሐሮልድ ሪድሊ ሲሆን፣ ይኸውም በ1949 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም ግማሹን ብርሃን የነሣው ይኸው የዓይን ሞራ ነው። እንግዲህ በሠለጠነ እጅ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሊድን የሚችል ዕውርነት ነው ማለት ነው። ታዲያ ሕመምተኛው ስለ ምን አይመጣም? መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘብ የለም፣ ሐኪም የለም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው መጥቶ ሳለ፣ አንድ ዓይኑም ተሠርቶለት ሳለ፣ ለሁለተኛው ስለማይመለሰው ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ለልምምድ በተመደብንበት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል አንዲት እናት አገኘን። ቀኝ ዓይናቸው ከሦስት ዓመት በፊት ተሠርቶ ደኅና ያያሉ፤ ግራው ግን ጨርሶ ተጋርዷል። ለምን እንደ ዘገዩ ስንጠይቃቸው በመጀመሪያ አዝመራውን፣ ቀጥሎም የልጅ ልጃቸውን ሠርግ ምክንያት አደረጉ። በማግሥቱ ካልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብለን ስንጫወት ግን እውነቱን አወጡት። «ልጆቼ፣ ሕመሙስ ደኅና ነበር። ፊቴን በጨርቅ ሲሸፍኑኝ ጊዜ የገነዙኝ መሰለኝ። ጆሮዬ ይሰማል፤ የሚነጋገሩት ግን በፈረንጅ አፍ ነው። እንዲያው በሕይወት አለሁ ወይ ብዬ ጣቴን ባነቃንቅ፣ ልጄ የሚሆን ሰው ‹አትንቀሳቀሺ!› አለኝ። ከዚያ ወዲያ መተንፈሱንም ፈራሁት» አሉን።

የቆየ መዝገባቸውን አስወጥተን ብንመለከት፣ ስለዚያ ቀን የተጻፈው «ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር ተፈጽሟል» የሚል አንድ መስመር ነው። መዝገቡም አልዋሸም፤ እናታችንም አልዋሹም። እርሳቸው ያዩት ነገር የሚጻፍበት ቦታ በመዝገቡ ላይ ስላልነበረ ግን ሦስት ዓመት በአንድ ዓይን ኖሩ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የደፈረሰውን ሌንስ ቀድዶ የማውጣትን ጥበብ ሲያስተዋውቅ ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ጉልበተኛ ረዳት ራስ ይይዛል፤ ሕመምተኛው ጥርሱን ይነክሳል፤ ሐኪሙም ይጣደፋል። ስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስቲያን ባሕ በ1750 በላይፕሲግ ከተማ ዓይኑን ሁለት ጊዜ ተሠርቶ፣ ብርሃኑ ሳይመለስለት በዚያው ዓመት ሞተ። በ1846 ኤተር በይፋ ከታወቀ በኋላ እንኳ የዓይን ሐኪሞች ብዙም አልተደሰቱበትም፤ ከኤተር የሚነቃ ሰው ያስታውካልና፣ ባልተሰፋ ዓይን ላይ ማስታወክ ደግሞ የውስጡን ወደ ውጭ ሊያወጣው ይችላል።

መፍትሔው የመጣው በ1884 በቪየና ከተማ ካርል ኮለር ከተባለ ገንዘብ ካጠረው ወጣት ሐኪም ነው። ጓደኛው ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ኮካይን ይመራመር ነበር፤ ኮካይን የቀመሰ ሰው ምላሱ እንደሚደነዝዝ ብዙዎች ያውቁ ነበር። ምላስን ያደነዘዘ ዓይንንስ ለምን አያደነዝዝም ብሎ የጠየቀው ግን ኮለር ነው። በእንቍራሪት ዓይን ጨመረ፤ በጥንቸልና በውሻ ሞከረ፤ በመጨረሻም በገዛ ዓይኑ ላይ ጨምሮ በስፒል ራስ ነካካው፤ አልተሰማውም። በሴፕቴምበር ወር በሃይድልበርግ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ሲደረግ ኮለር የሚሄድበት ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሰው አነበበለት። በኪስ ባዶነት ምክንያት ከጉባኤ መቅረት ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ፍሮይድ በዚያ ሰሞን እጮኛውን ሊጠይቅ ሄዶ ነበርና ዝናው አመለጠው፤ ይህን ደግሞ በመካከላችን ያሉ እጮኞች እንደ ወደዱ ይተርጕሙት።

በዚያው በ1884 በኒው ዮርክ ሄርማን ክናፕ ይህንኑ መድኃኒት ከዓይን ኳስ በስተኋላ በመርፌ ሰጠ። ስለዚህ ጠብታና መርፌ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ጠባቸውም እስከ ዛሬ አልበረደም። እኛም በዶርሚቶሪያችን ውስጥ ሁለት ሌሊት ሙሉ ስንጣላባቸው አድረናል።

ሕመምተኛውን ፈጽሞ ስለ ማስተኛት ብዙ አንናገርም። ሕፃናትን ያለዚያ መሥራት አይቻልም፤ ጸጥ ብሎ መተኛት የማይችል አዋቂም ያስፈልገዋል። ሌላው ሕመምተኛችን ግን ብዙውን ጊዜ ልቡም ሳንባውም የደከመ ሽማግሌ ነው፤ የማደንዘዣ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ሐኪም ደስ እንዲለው ብቻ ሽማግሌ አይተኛም።

የመርፌው ነገር ግን ሰፋ ያለ ነው። መርፌው በዓይን ኳስና በአጥንቱ መካከል ይገባና ሊዶካይን ወይም መሰሉን መድኃኒት ያፈስሳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓይኑ ይደነዝዛል፤ መንቀሳቀሱንም ይተዋል፤ አንዳንዴ ብርሃኑ ራሱ ይደበዝዛል። ሐኪሙ እንደ ልቡ ይሠራል፤ ሕመምተኛውም በሥራው ጊዜ ብዙ አይሰማውም። ነገር ግን የመርፌዋ ደቂቃ ራሷ አለች። «ወደ ዓይኔ መርፌ መጣ» ብሎ የሚተርከው ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አያነሣውም፤ የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። ደግሞም አልፎ አልፎ መርፌው የደም ሥር ይነካና ከዓይን በስተኋላ ደም ይፈስሳል፤ እጅግ ከስንት አንድ ጊዜ ኳሱን ራሱን ይወጋል፣ ወይም መድኃኒቱ የእይታ ነርቭን ሽፋን ተከትሎ ወደ አንጎል ይደርስና ትንፋሽ እስከ ማቋረጥ ያደርሳል። ይህን አደጋ ለመቀነስ በ1986 መርፌውን ከጡንቻዎቹ ክበብ ውጭ በአጭሩ የመስጠት መንገድ ታተመ። ሁለቱን ያስተያዩ ጥናቶች ግን ለሕመምተኛው ስሜት ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ መካከለኛ መንገድ ተስፋፍቷል። ዓይኑ በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ በነጩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በጥቂቱ ተቀድዶ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ ጎባጣ ቀጭን ቧንቧ ይገባና መድኃኒቱ ቴኖን በተባለው ፈረንሳዊ ስም በሚጠራው ሽፋን ሥር ይፈስሳል። ስለታም ነገር ወደ ኋላ አይሄድም። በንጽጽር ጥናቶች እንደ ተገኘው፣ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሰዎች በጠብታ ብቻ ከተሠሩት ይልቅ ያነሰ ሕመም ተሰምቷቸዋል። ጉድለቱ ዓይኑ ማበጡና መቅላቱ ነው፤ በማግሥቱ መስተዋት የሚያይ ሕመምተኛ አስቀድሞ ካልተነገረው «አበላሹኝ» ማለቱ አይቀርም።

ጠብታውስ? አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን በ1967 ሌንሱን በድምፅ ሞገድ አድቅቆ የመምጠጥን ዘዴ ካመጣ በኋላ፣ የሚቀደደው ቀዳዳ ውሎ አድሮ ወደ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ወረደ። ለዚህች ቀዳዳ ጠብታ በቂ ሆኖ ስለ ተገኘ በሀብታም አገሮች ዛሬ ብዙው ሰው በጠብታ ብቻ ይሠራል፤ አንዳንዶችም ጥቂት ሊዶካይን ወደ ዓይኑ ውስጥ ይጨምሩለታል። መርፌ የለም፤ ዓይኑም ቶሎ ያያል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው መንካቱ፣ መጫኑና የውሃው መፍሰስ ይሰማዋል፤ ዓይኑ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳልና ራሱ ሊገታው ይገባል። «ብርሃኑን ተመልከት» ሲባል ተመልክቶ መቆየት አለበት። በመርፌ ጊዜ ዝም ብሎ ይተኛ የነበረው ሰው በጠብታ ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ይሠራል ማለት ነው።

የሁለቱ ሌሊት ጠባችን እዚህ ላይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የውጭ አገር መጽሐፍ ይዞ «መርፌ ኋላ ቀርነት ነው፤ ጠብታ ሥልጣኔ ነው» አለ። ቀስ ብለን ስንመረምረው ግን መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ፣ በተለይም በዘመቻ ላይ፣ የሚሠራው ውድ መኪና በማይሻው፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊ ሜትር በሚሆን ያለ ስፌት በሚዘጋ ቀዳዳ ሌንሱን ሳያደቅቁ በሚያወጡበት ዘዴ ነው። ሕመምተኛው ዘግይቶ ስለሚመጣ ሌንሱ ጠንክሯል፤ ሲወጣ ይጐትታል፤ ባለ ቀለሙንም የዓይን ክፍል ይነካል። ለዚህ ጠብታ ብቻውን ለብዙ ሰው አይበቃውም። ስለዚህ ለኛ ሕመምተኛ ከሥልጣኔ ስም ይልቅ በሚገባ የተሰጠ መርፌ፣ ወይም ቢገኝ ያ ደነዝ ቧንቧ፣ ይሻለዋል ብለን እናምናለን። መጽሐፍ ያመጣው ጓደኛችንም በሁለተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስማምቶ ተኛ።

ይህም ሆኖ የትኛውም መድኃኒት የእናታችንን ጨርቅ አያነሣውም። የዓይን ሞራ ሕመምተኛ ነቅቶ የሚሠራ ሰው ነው። ጀርባው ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከጉልበቱ ሥር ትንሽ ትራስ ቢደረግለት ምንኛ ባረፈ! ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ጠብቋል፤ ሽንቱን ይዟል። ብዙ ቦታ ሳይበላ አድሯል፤ ጾም ለለመደ ሕዝብ ይህ አይከብድም ትሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ማረጋጊያ መድኃኒት ሳይሰጠው በጠብታ ብቻ ለሚሠራ ሰው በሌላው ዓለም ብዙ ስፍራ መጾምን አይጠይቁም። በተለይ በጠብታ ሲሠራ ቀለማት ያያል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ የሚንቀሳቀስ ጥላ፤ አንዳንዱም የሐኪሙን ጣትና መሣሪያውን አይቻለሁ ይላል። ደስ የሚለው አለ፤ የሚደነግጥም አለ። ቀለም እንደሚያዩ አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ያነሰ እንደሚፈሩ በጥናት ታይቷል። እንዲሁም ብዙ ሕመምተኞች ሁለተኛው ዓይን ከመጀመሪያው ይልቅ አመመኝ እንደሚሉ ተጽፏል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው ሐኪሙ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ታዲያ ምቾቱን እንዴት እንወቅ? የፈረንጅ ጥናት ሕመምተኛውን «ከ0 እስከ 10 ሕመምህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም በዚያው ሆስፒታል ሞከርነው። አንድ አባት ጥያቄውን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተም ኑሩልን» አሉን። ይህ ስንት ቍጥር ነው? ዓይኑን ያበራለትን ሐኪም ፊት ለፊት «አሳመምኸኝ» የሚል ጨዋ ሽማግሌ በአገራችን አይገኝም፤ ይሉኝታው አያስችለውም። እንግዲህ «የኛ ሕመምተኛ ቻይ ነው፣ አያመውም» እያልን የምንመካበት ነገር ምናልባት የኛ መስማት አለመቻል ይሆናል። እኛ እንደ ተረዳነው ጥያቄው ሐኪሙ በሌለበት፣ ባልሠራው ሰው አፍ፣ እንዲህም ተብሎ ሊቀርብ ይገባዋል፤ «ጎረቤትዎ ነገ ሊሠሩ ቢመጡ ምን ብለው ይመክሯቸዋል?» ይህን ስንጠይቅ እኒያው አባት ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። መርፌውን፣ ጨርቁን፣ የጠረጴዛውን ብርድ፣ አንዱንም አላስቀሩም።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው። ሕመምተኛው ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሶማልኛ ይናገራል፤ ሐኪሙ አማርኛና እንግሊዝኛ። በጠብታ የሚሠራ ሰው «ወደ ታች ተመልከት» ማለትን ካልሰማ እንዴት ይታዘዛል? ስለዚህ የማደንዘዣው ምርጫ በመድኃኒት ቤቱ ብቻ ሳይሆን በሰዋስውም የሚወሰን ሆኖ አገኘነው። በአማርኛም ቢሆን «አትንቀሳቀሺ»ና «እባክዎ እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውነትን ያደርቃል፤ አተነፋፈስን ያፋጥናል።

«አይዞዎት» ማለትስ? ጥሩ ነው፤ ግን ምን እንደሚመጣ ሳይነግሩ «አይዞዎት» ብቻ ማለት ሰውን ይባስ ያስፈራዋል። እጅ መያዝ ግን ዋጋ አለው። በ2001 ከኮሪያ የወጣ ጥናት በቀዶ ሕክምናው ጊዜ እጃቸው የተያዘላቸው የዓይን ሞራ ሕመምተኞች ጭንቀታቸው መቀነሱን አሳይቷል። አያቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር ብሎ መፎከር ይቀላል፤ የኛ ጥያቄ ታዲያ በቀዶ ሕክምና ክፍላችን ውስጥ እጅ የሚይዝ ሰው ለምን አይመደብም የሚል ነው።

የእናታችን ግራ ዓይን በዚያው ሳምንት ተሠራ። የሚሆነውን ሁሉ ከዋዜማው ነገርናቸው፤ ጨርቁን በእጃቸው አስዳሰስናቸው፤ ከሥሩ አየር እንደሚገባም ራሳቸው ሞክረው አዩ። ሐኪሙም ፈቅደውልን ከመካከላችን አንዷ እጃቸውን ይዛ ቆየች፤ ሲያማቸው ጨበጥ እንዲያደርጓት ተስማሙ፤ እጅ ማንሣት ንጹሑን ጨርቅ ስለሚያረክስ አይቻልምና። ሁለት ጊዜ ጨበጡ። በመጀመሪያው ሐኪሙ ቆም ብለው ማደንዘዣ ጨመሩላቸው። ሁለተኛው ስለ ምን እንደ ነበረ በኋላ ብንጠይቃቸው «መኖርሽን ለማወቅ ነው እንጂ ሕመምስ የለም» አሏት።

አሁን ልመናችን ይኸውላችሁ። አሥር ዓረፍተ ነገር ያለበት ካርድ አዘጋጅተናል። «ነቅተው ነው የሚሠሩት፤ እንዳያምዎ ግን መድኃኒት እንሰጥዎታለን»፤ «ዓይንዎን ከቦታው አናወጣውም»፤ «ፊትዎን በጨርቅ እንሸፍናለን፤ ከሥሩ አየር ይገባልዎታል»፤ «ቀለማት ቢያዩ አይደንግጡ»፤ «ማሳል ቢመጣብዎ አስቀድመው ይንገሩን»፤ «ቢያምዎ የያዝነውን እጅ ጨበጥ ያድርጉ» የሚሉና የመሳሰሉት ናቸው። ዓይን ይወጣና ታጥቦ ይመለሳል የሚለው ወሬ በየገጠሩ ስላለ ሁለተኛይቱን በተለይ በጥንቃቄ ተርጕሙልን። አማርኛው ተጽፏል፤ የኦሮምኛውንና የትግርኛውን ጓደኞቻችን ጀምረዋል። የሲዳምኛ፣ የሶማልኛ፣ የወላይትኛ፣ የአፋርኛና የሌላውም ቋንቋ ባለቤቶች፣ ሽማግሌ በአክብሮት የሚጠራበትን አነጋገር ጭምር እያስታወሳችሁ፣ ትርጕማችሁን እስከ ዓርብ ማታ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ጣሉልን። በስቴንስሉ ላይ የሚጽፈው ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ይጀምራል፤ እጅ ጽሕፈታችሁ እንዲነበብለት አደራ ብሏል።